ዶሮዎቹ የማን ነበሩ?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጋዜጣችሁ ስለ ትምህርት በየጊዜው የሚያወጣቸውን ጽሑፎች በቅርብ ከሚከታተሉ አንባቢዎች አንዱ ነኝ። አብዛኞቹ የሚነሡት ከ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ነው፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ፣ ስለ አንድ የፈተና ጥያቄና በዚያው ሰበብ ቤታችን ውስጥ ስለተነሣ ክርክር ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ታሪክ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ስለ ሙያዬ አዲስ ነገር እማራለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር። ያስተማረችኝ የልጅ ልጄ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቱ እዚሁ ባሕር ዳር ከምትማርበት ትምህርት ቤት የአካባቢ ሳይንስ ፈተናዋን ይዛ መጣች። ከጥያቄዎቹ አንዱ በጢስ ዓባይ አጠገብ ያለውን የጥንቱን የድንጋይ ድልድይ ያሠራው ንጉሥ ማን እንደሆነ ይጠይቅና አራት ስሞች ይደረድራል። እሷም አንዱን መክበብ ሲገባት ሁለቱን ከበበችና ከጎናቸው ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ በእርሳስ «ሰዎች ፋሲል ነው ይላሉ፤ የተጻፈው ግን ሱስንዮስ ነው» ብላ ጻፈች። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጎበታል።

ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ይቻላል፤ የነገርኋት እኔ ነኝና። እኛ ያደግነው ሰዉ ድልድዩን አንዳንዴ የፋሲል፣ አንዳንዴ የፖርቱጋል ድልድይ ሲለው እየሰማን ነው። በዘመኑ በአገራችን የኖረው የካቶሊክ ሚስዮናዊ፣ ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜዳ የተወው ጽሑፍ ግን ድልድዩ የተሠራው በዐፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ እንደሆነ፣ ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ እዚያው በአላታ ወንዝ አካባቢ እንደተገኘ፣ ሥራውንም የመራው ከካቶሊኩ ፓትርያርክ ከአፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከሕንድ የመጣ ግንበኛ እንደነበር ይተርካል። ጊዜው በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1626፣ በእኛ 1618 ዓ.ም. ገደማ ነው። ፋሲል የሱስንዮስ ልጅ ነው፤ የነገሠውም ከዚያ በኋላ በ1624 ዓ.ም. ነው። የጎንደርን ግንብ ያሠራ ንጉሥ ስሙ ገናና ስለሆነ፣ ሕዝቡ የአባቱን ድልድይ ለልጁ ቢሰጠው የሚገርም አይደለም።

ይህን ሁሉ ስነግራት፣ እንደ ማንኛውም አያት፣ ኖራው በእንቁላል ተለውሷል የሚባለውንም ጨመርሁላት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «አባባ፣ ስንት እንቁላል?» አለችኝ። አላውቅም አልኋት። «ዶሮዎቹስ የማን ነበሩ?»

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ተማሪ የለም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ዶሮ የሚገኘው በንጉሥ ግቢ ሳይሆን በገበሬ ጓሮ ነው፤ እንቁላሉን ለቅማ ገበያ የምታወጣውም የቤቱ እመቤት ናት። እንቁላሉ እውነት ከሆነ፣ ከየቤቱ የተዋጣ ወይም የተወሰደ መሆን አለበት። እውነት ካልሆነም ያን የሚያህል ሥራ ሲሠራ ከየጓዳው የወጣ ነገር መኖሩን ሕዝቡ ያስታወሰበት መንገድ ሊሆን ይችላል። ድልድዩን ያሠራው ማን ነው ብለን ለልጆች አራት ስም ስንደረድር፣ ድንጋዩን የተሸከሙትን፣ ኖራውን ያቃጠሉትንና እንቁላሉን የሰጡትን ከጥያቄው አስወጥተናቸዋል፤ ልጅቱ ግን ማንም ሳይነግራት መልሳ አስገባቻቸው።

መምህርቱን አልወቅስም። ስልሳ ወረቀት በአንድ ሌሊት ማረም ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ መልሱ ሀ ነው የሚል ወረቀት አጠገቤ አስቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ያረምሁባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። በእርሳስ ተጽፎ የነበረ እንዲህ ያለ ነገር ስንት ጊዜ ሳላነበው አልፌ ይሆን?

በትምህርት ሥርዓታችን ታሪክ በራሱ ስም የሚመጣው 9ኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ በፊት በታችኛዎቹ ክፍሎች በአካባቢ ሳይንስ ውስጥ፣ ከፍ ሲል ደግሞ በኅብረተሰብ ትምህርት ውስጥ ከመልክዓ ምድርና ከሌላው ጋር ተዳብሎ ይሰጣል። መዳበሉ ክፉ ነው አልልም፤ እንዲያውም ሕፃን ልጅ ከአካባቢው ይጀምር ማለቱ ትክክል ነው። ችግሩ አካባቢውም ራሱ በዝርዝር መልክ መቅረቡ ነው። ልጁ ጣና ዳር ተወልዶ የሐይቁን ስፋት በቁጥር ይሸመድዳል እንጂ ውሃው ዳር ቆሞ ያ ታንኳ ለምን ከእንጨት ሳይሆን ከደንገል ተሠራ፣ ውሃ ሲጠጣ ለምን አውጥተው ያደርቁታል፣ የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎች ይህን ጥበብ ከማን ተማሩት ብሎ የሚጠይቅበት ሰዓት አይሰጠውም። እንዲህ የተማረ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ እኔ ነበርሁ የምቀበለው። ጭንቅላቱ ውስጥ «ድሮ» የሚባል አንድ ትልቅ ጆንያ አለ፤ አክሱምም፣ ላሊበላም፣ ፋሲልም፣ አድዋም፣ የአያቱ ልጅነትም ተጠቅጥቀው እዚያ ገብተዋል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና ዐፄ ምኒልክ ጎረቤታሞች የሚመስሉት ተማሪ ጥቂት አልነበረም። ስምና ዓመተ ምሕረቱን ግን እንደ ውሃ ይወርደዋል።

ስለዚህ ከፈተናው በኋላ በነበረው ቅዳሜ አንድ ጥቅል ሲባጎ ገዛሁና ከልጅቱ ጋር ሥራ ጀመርን። አንድ ስንዝር አሥር ዓመት ይሁን ተባባልን። በማን ስንዝር የሚለው ትንሽ አከራከረን፤ በመጨረሻ የእኔ ተመረጠ። የሲባጎውን ጫፍ ሳሎን ውስጥ ከግድግዳው ጋር አሰርነውና በቀይ ክር ምልክት እያደረግን ወደ ኋላ መሄድ ጀመርን። የእሷ ዕድሜ አንድ ስንዝር አልሞላም፤ በዚህ ትንሽ ቅር አላት። የእኔ ስድስት ስንዝር ተኩል አለፍ ብሎ ቆመ። አድዋ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በአሥራ አራተኛው ስንዝር አካባቢ ገና ከሶፋው ሳንርቅ ደረስንበት። ሁለት እኔን የሚያህል ሰው ዕድሜ ማለት ነው። ያንን ስነግራት ሲባጎውን ይዛ ቁጭ አለች፤ የእኔ አያት የአድዋን ዘማች ፊት ለፊት ልታይ ትችል እንደነበር በዚያች ቅጽበት የገባት ይመስለኛል። አርባ ስንዝር ስንቆጥር ደጃፉን አልፈን በረንዳው ላይ ነበርን፤ የጢስ ዓባዩ፣ የአላታው ድልድይ እዚያ ላይ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ዋለ። አክሱማዊው ኢዛና ደግሞ ከአጥር ውጭ፣ ጎረቤታችን ቡና ከሚያፈሉበት ደጃፍ ላይ ሆነ። እሳቸውም ምን እየሠራን እንደሆነ ጠየቁንና «ንጉሥ ኢዛና ደጅዎ ቆመዋል» ስትላቸው «ታዲያ ምን አስቆማቸው፣ ሁለተኛው ደርሷል፣ ይግቡ በያቸው» አሉ።

ሲባጎው እዚያ ላይ አለቀ። «ከዚህ በፊትስ?» ስትለኝ ሒሳቡን በወረቀት ሠራንላት፤ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ በዚሁ ስንዝር ቢለካ፣ ሲባጎው ከቤታችን ተነሥቶ ወረታን አልፎ ይሄዳል። ሕፃናት የጊዜን ርዝመት አይረዱም፣ ስለዚህ ታሪክ ለትልልቆቹ ይቆይ የሚሉ የሙያ ጓደኞች አሉኝ። እኔም እንዲሁ እል ነበር። አሁን ግን የማይረዱት ርዝመቱን ሳይሆን ቁጥሩን ይመስለኛል፤ በእግራቸው የሄዱበትንና በእጃቸው የያዙትን ይረዳሉ።

ሽምደዳን የምጠላ ሰው መስዬ እንዳልታይ እሰጋለሁ። ፊደል የቆጠርሁት የኔታ ዘንድ ነው፤ ዳዊትም ደግሜያለሁ፤ በልጅነቴ በቃሌ የያዝሁት እስከ ዛሬ ስንቄ ነው። ነገር ግን በዚያ ትምህርት ቤት ከንባቡ በላይ ትርጓሜ የሚባል ወንበር አለ፤ መምህሩ ንባቡን ይፈታና «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ያመጣል፣ እንደገና «አንድም» ብሎ ይጨምራል። ለአንድ ቃል ሁለትና ሦስት ፍቺ ይዞ መቀመጥ ለአባቶቻችን ነውር አልነበረም። ልጅቱ በሁለት ስሞች ላይ ሁለት ክብ ስትሠራ «አንድም ፋሲል፣ አንድም ሱስንዮስ» ማለቷ ነው። እርግጥ ታሪክ ከዚያ አንድ እርምጃ ይቀጥልና የትኛው የተሻለ ምስክር እንዳለው ይመዝናል፤ እሷ እሱንም አድርጋለች፤ አንዱ የሚባል፣ ሌላው የተጻፈ መሆኑን ለይታ አስቀምጣለች። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ በላይ ምን ታድርግ?

በእኔ እምነት ለትንሽ ልጅ ከየትኛውም ንጉሥ ስም በፊት መሰጠት ያለበት ይህ መለየት ነው፤ ለዚህም አማርኛችን መሣሪያውን አዘጋጅቶ ሰጥቶናል። «ነው»፣ «ነው ይባላል»፣ «ተጽፏል»፣ «አይቻለሁ» የሚሉትን ልጆች በየቀኑ ይናገሯቸዋል። ዘጌ ላይ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ላይ ከፍለው ቢተክሉት ቡናና ጌሾ፣ ሎሚም ሆኖ በቀለ ይባላል። ዘጌ እርሻና ከብት የማይገባበት የቡና ደን መሆኑ ደግሞ ዛሬም በዓይን ይታያል። ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመግባቷ በፊት በጣና ቂርቆስ ለብዙ መቶ ዓመታት አርፋ እንደነበር በገዳሙ ይነገራል። እነዚህን ለልጅ ስነግር «ይባላል» የምትለዋን ቃል አልውጣትም። አንድ ወዳጄ ይህ የልጆችን እምነት ያላላል ብሎ ተቆጥቶኛል። እኔ ራሴ አማኝ ነኝ፤ «ይባላል» ማለት «ውሸት ነው» ማለት አይደለም። ነገሩ በማን አፍ ወደ እኛ እንደደረሰ መናገር ለተናጋሪዎቹም ክብር ነው።

የትምህርት ጉብኝት የሚባለውንም ሳላነሣ አላልፍም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የትልቁ የልጅ ልጄ ክፍል ወደ ዘጌ በጀልባ ሄዶ ነበር፤ ወላጅ ሁሉ ገንዘብ ከፍሏል። ልጁ ሲመለስ ስለ ጀልባው ሙዚቃና ስለ ለስላሳው በደንብ ነገረኝ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ ምን አየህ ብለው «ሥዕል» አለኝ፤ ምን ዓይነት ሥዕል ብለው «ብዙ» አለኝ። አስተማሪዎቹ ልጅ እንዳይጠፋባቸው ከመቁጠር በቀር ጊዜ አላገኙም ነበር። ታናሽየዋን እኔው ራሴ ስወስዳት የነገርኋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጥንቱ የአሣሣል ልማዳችን ደግ ሰው ፊቱ ወደ እኛ ዞሮ በሁለት ዓይኑ ሲያይ፣ ክፉው በጎን ይሣልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ከዚያ በኋላ እኔ አላስፈለግኋትም። ግድግዳውን እየዞረች በሹክሹክታ «ይኼ ክፉ፣ ይኼ ደግ» እያለች ስትለይ አንድ ሰዓት ሆነን፤ የገዳሙ አባት ራሳቸው መጥተው ያላየችውን አንድ አንድ ዓይና አሳዩዋት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ወደ ደቅ ደሴት፣ እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠሯት ናርጋ ሥላሴ ልወስዳት አስቤያለሁ። እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ያሠራ ሰው የራሱን መልክ ከሥዕሉ ለምን ያስገባል የሚለውን ለሷ እተውላታለሁ።

ወደ ቤት ልመለስ። የካቲት 23 ሲደርስ ልጆቻችንን የአገር ልብስ አልብሰን፣ ከካርቶን ጋሻ ሠርተን ፎቶ እናነሣቸዋለን። ደስ ይላል። ከፎቶው በኋላ ግን ምን እንነግራቸዋለን? ያ ሁሉ ሠራዊት በየመንገዱ ምን ይበላ እንደነበር፣ እህሉን የፈጩትና ዳቦውን የጋገሩት ሴቶች አብረው መዝመታቸውን፣ መቀሌ ላይ በእቴጌ ጣይቱ ብልሃት ምሽጉ ውስጥ የነበረው የጠላት ጦር ውሃው ተይዞበት መጨነቁን ብንነግራቸው ከጋሻው ይልቅ ይይዙታል። ውሃ ጥም ምን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ የለም።

በቤት የሚነገር ታሪክ አንድ ሌላ ጣጣ አለበት፤ ይህን መጻፉ ቀላል ባይሆንም መዝለሉ ደግሞ ሐሰት ይሆንብኛል። ባለፉት ዓመታት ክልላችን ባለፈበት መከራ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ቤት ውለዋል። እነዚህ ልጆች ታሪክ መስማት አላቆሙም፤ የሰሙት ከእኛ፣ ከአዋቂዎቹ ጨዋታ ነው። እኛም ስንጨዋወት «እንዲህ አድርገውን» እንጂ «እንዲህ አየሁ» አንልም። ለስምንት ዓመት ልጅ ቂም በታሪክ ስም ሲሰጠው መመዘኛ ስለሌለው እንዳለ ይወስደዋል። የማስበው፣ ልጁ አቅም እስኪያገኝ ድረስ እኛ በዓይናችን ያየነውንና በእጃችን የነካነውን ብንነግረው በቂ ነው፤ ሞትና ግፍም ካየን ያየነውን ያህል።

እኔ ለምሳሌ የምነግራት ስለ አባቴ ብስክሌት ነው። አባቴ በ1953 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ ፈረቃ ሲለወጥ ያ ጎዳና በብስክሌት ይሞላል። እኔ ከኋላ መጫኛው ላይ ተቀምጬ እግሬ ሽቦው ውስጥ ገብቶ የተቆረጥሁበት ጠባሳ እስከ ዛሬ አለኝ፤ እሱን አሳየኋት። ዛሬ ባጃጅ የሞላባት ከተማ ለምን የብስክሌት ከተማ ተባለች ስትለኝ ሜዳ ስለሆነች አልኋት። ፋብሪካውን ማን ሠራው አለች። ጣሊያን በጦርነት ካሣ በከፈለው ገንዘብ ተሠራ አልኋት። «ካሣ የምን?» እንግዲህ የማይጨው ጦርነትና አምስቱ የወረራ ዓመታት የመጡት በዚህ በኩል ነው፤ ከአንድ ጠባሳ ተነሥተን እዚያ ደረስን። መጽሐፉ ላይ «የፋሺስት ጣሊያን ወረራ» በሚል ርእስ ቢመጣባት ኖሮ እስከ ፈተናው ቀን ብቻ ትይዘው ነበር።

ትምህርት ቢሮውን የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በታችኛዎቹ ክፍሎች መጻሕፍት ውስጥ ተማሪው አንድ አዛውንት ጠይቆ የሚመጣበት፣ የሰማውንም ከሌላ ልጅ ከሰማው ጋር የሚያስተያይበት ሥራ ይግባ። ለትንንሾቹ ስለ ያለፈ ዘመን የሚቀርብ ጥያቄ ቢያንስ አንዱ ምርጫ የሌለው፣ ልጁ በራሱ አፍ የሚመልሰው ይሁን። እዚህ ባሕር ዳር ላሉት ደግሞ አንድ ወንዝ ላይ ሦስት ዘመን አለላቸው፤ የአላታው የድንጋይ ድልድይ፣ እኛ ያደግንበት አሮጌው የዓባይ ድልድይ፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውና 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ። የኋለኞቹን ሁለቱን በእግር ሄደው ማየት ይችላሉ፤ ወጪውም ለስላሳ ከሚገዛበት ጉብኝት ያነሰ ነው። ለጋዜጣችሁም አንድ ልመና አለኝ፤ አንባቢዎች በየሣጥናቸው ያሏቸውን የቆዩ የከተማችንን ፎቶግራፎች በየሳምንቱ አንድ አንድ እያተማችሁ ምንም ሳትጽፉበት «ይህ የት ነው? መቼ ነው? በምን አወቃችሁ?» ብላችሁ ልጆቹን ብትጠይቁልን።

ፈተናውን ለመምህርቱ መልሼ አልወሰድሁም፤ አንድ ነጥብ ነው። ልጅቱ ግን ወረቀቱን አልጣለችውም። ሲባጎውን ጠቅልላበት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ጢስ ዓባይ ወርደን የድልድዩን ርዝመት ልትለካበት። እዚያ አካባቢ ያሉትን እናቶች ስለ ዶሮዎቹ የምትጠይቀውንም ከወዲሁ ጽፋ ይዛለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር
ከባሕር ዳር